ሐዋሳን የሚያየው ዓይን የት ነው ያለው?

ዩቲዩብ ላይ «ሐዋሳ» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመጣላችሁ ነገር ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቁ። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ትርፍራፊ የሚሻሙ አባ ኮዳዎች። ጥሬ ዓሣ አዋዜ እየነከረ ዓይኑን የሚያፈጥ እንግዳ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቬሎዋን ይዛ የምትሽከረከር ሙሽራ። ከዚያ ደግሞ «ከስንት ዓመት በኋላ ሐዋሳ ገባሁ» ዓይነት ርዕስ፣ ከጎኑ የሚያለቅስ ፊትና ቀይ ቀስት። ከተማዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ የተባለው ሁሉ አለ። ነገር ግን የሐዋሳ ሰው ራሱ ቁጭ ብሎ የሚያየው አይደለም። በየቀኑ የሚያልፍበትን አባ ኮዳ በስልክ ለማየት ብሎ ፓኬጅ የሚገዛ የለም።

ታዲያ ለማን ነው የሚሠራው? ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ ባህል ስንነጋገር ሁለት ወገን ሆነን መጨቃጨቅ ለምደናል። አንዱ «ባህላችንን እያጠፋ ነው» ይላል፤ ሌላው «ባህላችንን ለዓለም እያስተዋወቀ ነው» ይላል። ሁለቱም ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነገር የሚያየው ማን እንደሆነ ነው። የሁሉም ሰው ትኩረት እኩል አይመዘንም። የአንዱ ሰዓት ይቆጠራል፣ የሌላው ጭራሽ አይቆጠርም፤ ከሚቆጠሩትም የአንዱ ከሌላው እጥፍ ድርብ ይከፈልበታል። ዛሬ የሐዋሳን ዘፈንና በዓል ቅርጽ እያስያዘው ያለው ዓይን በአብዛኛው ሐዋሳ ውስጥ የለም ብዬ የማስበው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ነገሩን ከገንዘቡ መጀመር ይሻላል። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን በ1971 እ.ኤ.አ. መረጃ ሲትረፈረፍ የሚያጥረው የተቀባዩ ትኩረት መሆኑን ሲናገር በአእምሮው የነበረው የድርጅቶች አሠራር ነበር። ዛሬ ያ ያጠረው ነገር በየሰከንዱ በጨረታ ይሸጣል። አንድ ቪዲዮ ሊከፈት ሲል አስተዋዋቂዎች በኮምፒውተር ይጫረታሉ፤ ዋጋውን ከሚወስኑት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ተመልካቹ ያለበት አገር ነው። ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ሆኖ የሚያይ ሰው ብዙ የሚገዛ ተብሎ ይገመታልና ማስታወቂያው በውድ ይሸጣል። ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ሆኖ የሚያየው ሰው ያንኑ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ቢያየውም ዋጋው ሳንቲም ነው። ዩቲዩብ ከረዥም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለባለቻናሉ ይሰጣል። መቶኛው ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚከፈለው ግን የምን 55 በመቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

መግቢያ በሩም ላይ ያው ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቻናል በረዥም ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ሊኖረው ይገባል። አራት ሺህ ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ይህን ያህል ደቂቃ በነፃ የሚሰጥ ማን ነው? ቤቱ ዋይፋይ ያለው፣ ወጥ እየሠራ ወይም ታክሲ እየነዳ ከጀርባ የሚለቅ ሰው ነው። ሐዋሳ ውስጥ ደቂቃ የሚለካው በሜጋባይት ነው። ወጣቱ ቪዲዮውን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አይቶ፣ ቀሪውን «ማታ የቢሮ ዋይፋይ ላይ አወርደዋለሁ» ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ደቂቃ የሚለምን ሰው ደቂቃ ወዳለበት ዞሮ ቢለምን አይፈረድበትም።

ዩቲዩብ በ2012 እ.ኤ.አ. የሚመርጠውንና ከፊት የሚያመጣውን ቪዲዮ ከተከፈተበት ብዛት ይልቅ በታየበት ርዝመት መመዘን ጀምሯል። በ2020 ደግሞ በቪዲዮ መሃል ማስታወቂያ ለማስገባት የሚያስፈልገውን ርዝመት ከአሥር ደቂቃ ወደ ስምንት አወረደው። የእኛ ተራኪዎች ወደ ጉዳዩ ከመግባታቸው በፊት ለምን ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ እያሉ ሩቡን ጊዜ እንደሚፈጁ ግራ የገባው ካለ መልሱ በከፊል እዚህ ነው።

አሁን ወደማይቆጠረው ጆሮ እንምጣ። መናኸሪያው አካባቢ ዘፈን የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች አሉ። አንዱ ጋ ቆሜ ሳለ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ፍላሽ አቀበለ።

«ወንድሜ፣ አዲስ የወጣ ሲዳምኛ ጫንልኝ። ያለፈውን አጥፋው።»

«ሁሉንም?»

«ያቺን ብቻ ተዋት፣ ተሳፋሪ ይጠይቀኛል።»

የትኛዋን እንደሆነ ስሟን አልጠራም፤ ሁለት ስንኝ አንጎራጎረ። ልጁም ፊደሉ ተፍቆ ያለቀ ኪቦርዱን እየነካካ ከመቶ ፋይል መሃል ዘፈኗን ለይቶ አስቀራት። ሾፌሩ ከፍሎ ሄደ።

ያቺ ዘፈን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ከመናኸሪያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሐይቅ ስትመላለስ ስንት ሰው እንደሚሰማት አስቡት። ተማሪው፣ ነጋዴዋ፣ ከሥራ የሚመለሰው ሁሉ ይሰማታል። አንዳንዱ መውረጃው ደርሶ እንኳ «ትለቅና እወርዳለሁ» ይላል። እንደ ዩቲዩብ ላሉት መድረኮች ግን ይህ ሁሉ ዜሮ ነው። ፋይሉ ከቴሌግራም ወርዶ ሃርድ ዲስክ ገባ፣ ከሃርድ ዲስክ ፍላሽ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚቆጥር ማሽን የለም። ዘፋኙም አያውቀውም። ስልኩን ከፍቶ የሚያየው ሰንጠረዥ ተመልካቾቹ ከየት አገር እንደሆኑ ይነግረዋል፤ ሐዋሳ ምን እንደምትወድ ግን ከእሱ ይልቅ የሱቁ ልጅ ያውቃል። ቀጣዩን ሥራ ሲያስብ የሚያማክረው ደግሞ ልጁን ሳይሆን ሰንጠረዡን ነው።

ቆጠራው ምን ያህል ከቦታው እንደተነቀለ በደንብ የታየው በ2015 ዓ.ም. ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በአገሪቱ ተገድበው ነበር። ሰዉ ቪፒኤን፣ ማለትም ተጠቃሚውን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል መተግበሪያ፣ ጫነ። ያኔ ሐዋሳ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሚያየው ሰው ለመድረኩ አምስተርዳም ወይም ኒውዮርክ ያለ ሆኖ ተመዘገበ። የሐዋሳ ሰው በቆጠራው ውስጥ ዋጋ ሊያወጣ የሚችለው አገር ቀይሮ ሲገባ ብቻ ነው ማለት ነው። ቢያስቅም እውነት ነው።

ሚዛኑ እንዲህ ከሆነ የሚመዘነው ነገር ቅርጹን ይለውጣል። በሙዚቃው ዓለም ይህ ሌላ አገር አስቀድሞ ታይቷል። የሙዚቃ ማድመጫው መድረክ ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ከተጫወተ ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ በዚያ አገር የተወዳጅነት ሰንጠረዥ ከፊት የነበሩ ዘፈኖችን ከ1986 እስከ 2015 መርምሮ፣ ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ያለው ሙዚቃ ከ20 ሰከንድ በላይ ከነበረበት ወደ 5 ሰከንድ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። የካሴት ዘመን ዘፈኖቻችንን የሚያስታውስ ሰው መግቢያው ብቻውን ስንት ጊዜ እንደነበረው ያውቃል፤ ኪቦርዱ ይመጣል፣ ሳክስፎኑ ይመልሳል፣ ዘፋኙ ቀስ ብሎ ይገባል። አሁን አዝማቹ ከፊት ነው። እስክስታው ከመጀመሪያው ሰከንድ ይጀምራል፤ ክሊፑ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ የሚወጣበት ቦታ ገና ስቱዲዮ ውስጥ ይታሰባል።

እውነቱን ለመናገር ማጠሩ ራሱ አያስደነግጠኝም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ከእሷ ያጠረ ቅኔ የለም፤ ማንም ግን ቀለለች ብሎ አያውቅም። ልዩነቱ ያለው ከተሰማች በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ቅኔው ተዘርፎ ሲያበቃ ሰሚው ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል፤ አንዳንዱ እቤቱ ገብቶ ነው የሚገባው። ስልኩ ላይ ግን ሰሙ ሳይቀልጥ ቀጣዩ ቪዲዮ ይመጣል። ቪዲዮ እየመረጠ የሚያቀርበው የመድረኩ አልጎሪዝም ይህን የኋላ ጊዜ የሚመዝንበት መንገድ የለውም። እንዲያውም ሰውየው ስልኩን አስቀምጦ ካሰበ፣ ለመድረኩ ያ ሰው ጠፋ ማለት ነው።

ከዘፈን ይልቅ ግን ጉዳዩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በበዓል ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ላይ በተካሄደ ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ በዓሉን በስልኩ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው በዓሉ የሚከበርበትን የሐዋሳ አደባባይ ጉዱማሌን ነው፤ በአደባባዩ የሞላውን ሕዝብ፣ የባህል ልብሱን፣ ቄጣላ የተባለውን የጭፈራ ዝላይ።

በዓሉ የሚጀምረው ግን ከአደባባይ አይደለም። ቀኑን የሚለዩት አያንቶዎች ናቸው፤ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው ይቆርጡታል፣ ከዚያ ለየጎሳው ይነገራል። በፊቼ ምሽት ቤተሰብ ይሰበሰባል። ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራው ቡርሳሜ ይቀርባል። በእርጥብ ቅጠል በተሠራው ሁሉቃ ሥር ይሾለካል። በማግስቱ፣ በጨምበላላ፣ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ጎረቤት ያበላቸዋል። ትውፊቱም ፊቼን የሚያያይዘው ከአንዲት ሴት ጋር ነው፤ ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፣ ያመጣችውንም ከጎረቤት ጋር ይቋደሱት ነበር ይባላል። የዚህ ሁሉ ሕዝብ በዓል መነሻው የአንዲት ልጅ የቤተ ዘመድ ጥየቃ ነው።

ይህን ምሽት ካሜራ ምን ያደርገዋል? ቤቱ ጨለም ያለ ነው፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ነው፣ የሚዘል ሰው የለም። ተመልካቹ በሦስተኛው ሰከንድ ያልፈዋል። ስለዚህ ቪዲዮው ሁሉ የጉዱማሌ ሆነ፤ የበዓሉ አደባባይ የበዓሉን ቤት ዋጠው። ከአደባባዩም ውስጥ ደግሞ ይመረጣል። የጎሳ መሪዎች በበዓሉ ላይ የሚሰጡት ምክር አለ፤ ጠንክራችሁ ሥሩ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ የሚል። ይህ ምክር በሕዝቡ ፊት የሚነገር፣ ጊዜ የሚወስድ ንግግር ነው። ከዚህ ውስጥ ተቆርጦ ሲዞር ያየሁት የለም ማለት ይቻላል። ቄጣላውም ቢሆን ዝላይ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ያወርዳል ሌላው ይቀበላል፣ ግጥሙ ውስጥ ሙገሳም ወቀሳም አለ። ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ የራሱ ድምፅ ተነስቶ በሳምንቱ ተወዳጅ ዘፈን ይተካል። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ የሚሰማው ሌላ ነው።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። የሹሩባው አሠራርና የቡርሳሜው አዘገጃጀት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እውቀት ነው፤ ዩኔስኮ ቅርሱን ሲመዘግብ ይህን ለይቶ ጠቅሶታል። ሹሩባው ካሜራ ይወዳል፤ ስለዚህ ይታያል። ለመሠራት የሚፈጀው ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ እናት ለልጇ የምትነግራት ወሬ ግን በ20 ሰከንድ ተፋጥኖ ያልፋል። ውጤቱ ይተላለፋል፣ መማሪያው አይተላለፍም።

ይህ ስክሪን ላይ የሚቀር ነገር ቢሆን ምንም አልነበረም። ተመልሶ መሬት ይወርዳል። ጉዱማሌ ላይ ቆሞ ያስተዋለ ሰው ያየዋል፤ ጭፍራው ስልክና ካሜራ በተደረደረበት በኩል ሲደርስ ዝላዩ ይጨምራል፣ ካለፈው በኋላ ይረግባል። አሞራ ገደል ላይም ዓሣ አጥማጁ «አንዴ ድገምልን» ይባላል፤ ለአባ ኮዳው የወረወረውን ይደግማል። አባ ኮዳው ግን አይከፋውም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚውል የሲዳማ ወጣት ከ15 ዓመት በፊት ፊቼን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም፤ አሁን በቀጥታ ያየዋል። ዲያስፖራው የሚያየው በፍቅር ነው። ችግሩ ናፍቆት የሚፈልገው ትቶት የሄደውን መሆኑ ነው። ከአገር የወጣ ሰው ዓይን ሐይቁን፣ ዓሣውን፣ ባህል ልብሱን ይፈልጋል፤ በሌለበት የመጣው አዲስ ነገር አይናፍቀውም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከየገጠሩ መጥተው አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት እየተከራዩ መኖር ጀምረዋል። የከተማዋን ኑሮ እንደዚህ የለወጠ ነገር ስንት አለ? ስለ እነዚህ ልጆች ሌሊት ፈረቃና የቤት ኪራይ የሚያወራ ዘፈን ወይም አጭር ድራማ ግን ከናፍቆት ጋር ተወዳድሮ ተመልካች ማግኘት አለበት። አብዛኛው ሠሪ ይህን ያውቀዋል፤ አውቆም ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

«ድሮ ይሻል ነበር» የሚለውን አልቀበልም። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠበት ጊዜ ነበር፤ አምሃ እሸቴ ያንን ጥሶ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የብዙ ዘፋኞች ዕድል ተከፈተ። ከዚያ ካሴቱ መጣ፣ ሙዚቃ ቤቶቹ በዙ፤ ግን በሩ ሁሉ አዲስ አበባ ነበር። ከሐዋሳ የሚነሳ ዘፋኝ፣ ያውም በሲዳምኛ የሚዘፍን፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዘመድ ቤት አድሮ ደጅ መጥናት ነበረበት። ዛሬ ሰፈሩ ባለ ስቱዲዮ ይቀርጻል፣ ማታውኑ ይለቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሲዳምኛ የሚሠራው ሙዚቃ በዚህ መጠን ሲወጣ አይተን አናውቅም። ሆኖም በረኛው ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። የድሮው ሙዚቃ ቤት ባለቤት ዘፈንህን ባይወደው ቡና ጋብዘህ ታግባባዋለህ። አልጎሪዝም ቡና አይጠጣም፤ ለምን እንደጣለህም አይነግርህም።

ቲክቶክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለቪዲዮ ሠሪዎች የሚከፍለው ፕሮግራም ከመነሻው ለጥቂት አገሮች ብቻ የተከፈተ ነው፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ስለዚህ እኛ አገር ገንዘቡ የሚመጣው ተመልካች በቀጥታ ስርጭት (ላይቭ) ላይ ከሚልከው ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ለሥራ አይሰጥም፣ ለሰው ነው የሚሰጠው፤ ለሚለማመጥ፣ ለሚሳደብ፣ ባትል በሚባለው የላይቭ ፉክክር ለሚያሸንፍ። ጥሩ ክራር የሚጫወት ልጅ ላይቭ ገብቶ ግማሹን ሰዓት ስም እየጠራ ሲያመሰግን ያመሻል። አዝማሪም ሽልማት ይቀበል ነበር የሚል ይኖራል፤ አዎ፣ ግን አዝማሪው ከምስጋናው ጋር ነገር ያስገባ ነበር፣ ሸላሚውንም ይወጋ ነበር።

የሐዋሳን ጆሮ ራሷ ሐዋሳ ላይ የሚቆጥር ነገር ግን ፈጽሞ የለም አይደለም። አንዱ በእጃችን ያለው የጥሪ ማሳመሪያ ነው። ሰው ሲደወልለት ደዋዩ የሚሰማውን ዘፈን ከሂሳቡ ከፍሎ ይመርጣል፤ ከክፍያው ለባለመብቱ ድርሻ አለው። ዘፋኞቻችን ክሊፕ ሥር የማሳመሪያ ኮድ የሚጽፉት ለዚህ ነው። እዚህ ክፍያው በብር ነው፤ የሐዋሳው ደንበኛና የአዲስ አበባው ደንበኛ ዋጋቸው እኩል ነው፣ ውጭ ያለው ደግሞ አይቆጠርም። ለአንድ የሲዳምኛ ዘፋኝ ይህ ቁጥር ከዩቲዩቡ ይልቅ ስለ ገዛ አድማጩ የሚነግረው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እርግጥ እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ደዋዩ እስኪነሳለት ድረስ የሚሰማው ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ እዚያም አዝማቹ ነው የሚሸጠው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል፣ ሥራዎች በአደባባይ ሲጫወቱ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት በኩል የሚሰበሰብበት መንገድ ተቀምጧል። በወጉ ሥራ ላይ ቢውል ሐዋሳ ውስጥ የሚጫወት ዘፈን ሐዋሳ ላይ ዋጋ ያገኛል ማለት ነው። ክርክሩ ከማን ይጀመር የሚለው ላይ ነው። ከባጃጅ ሾፌሩ መጀመር እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ ለነዳጅ ሰልፍ ቆሞ የሚያድር ሰው ላይ የፍላሽ ክፍያ ብትጭንበት ዘፈኑን ነው የሚያጠፋው። ከሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ላውንጆች ግን መጀመር ይቻላል። ፈቃድ አላቸው፣ ግብር ይከፍላሉ፣ እንግዳ የሚስቡት በሙዚቃው ነው። ቅዳሜ ማታ ምን እንደተጫወተ ለማወቅም የተለየ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ የዲጄው ላፕቶፕ ላይ ተጽፎ ያድራል።